ወራጅ የሌለበት ፌርማታ

ኢተሬተር በኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ውስጥ አንድን ዝርዝር ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተለ አባላቱን አንድ በአንድ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ ኦብጀክት ነው። ዝርዝሩ የሚይዘው ዕቃውን ነው፤ ኢተሬተሩ የሚይዘው የተደረሰበትን ቦታ ነው። ሥራው ከዚህ አያልፍም። ቁም ነገሩ ያለው ሁለቱ ለየብቻ በመቀመጣቸው ላይ ነው።

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ተነሥቶ ቡሬ የሚገባ አውቶብስ ነገሩን ያሳያል። በመንገዱ ላይ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላምና ማንኩሳ አሉ፤ መጨረሻው ቡሬ ነው። የስድስቱ ስም በተራ የተጻፈበት ወረቀት ዝርዝር ነው እንበል። ረዳቱ ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ጣት ደግሞ ኢተሬተር ነው። ሹፌሩም ለራሱ ጉዳይ በዚያው ወረቀት ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ የረዳቱ ቦታ አይዛባም፤ አንዱ ጅጋ ላይ ሳለ ሌላው ማንኩሳ ሊደርስ ይችላል። የተደረሰበት ቦታ ወረቀቱ ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱ ይጠላለፉ ነበር። ይህን ልዩነት የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ኮምፒውተር ሳይኖረው ያውቀዋል። ወንፈል የገቡ ሰዎች ተራቸውን አንድ ጊዜ ከተስማሙበት በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁት «ትናንት የማን ማሳ ላይ ነበርን?» ብለው ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከረጅም ጊዜ በፊት የተነሣ ነው። ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ከተማሪዎቿ ጋር የሠራችው ክሉ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ኢተሬተር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲድስ «ዲዛይን ፓተርንስ» በተባለው መጽሐፋቸው ከዘረዘሯቸው 23 ንድፎች አንዱ አድርገው አስቀመጡት። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ በወጣው 1.2 እትሙ፣ በጆሹዋ ብሎክ በተነደፈው የስብስቦች ማዕቀፍ ውስጥ፣ ዛሬ ተማሪዎች የሚማሩትን መልክ ሰጠው። በዚያ መልኩ ሦስት ትእዛዞች አሉት። ሃዝኔክስት «ቀጣይ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኔክስት ቀጣዩን አቅርቦ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ ሪሙቭ መጨረሻ የቀረበውን ይሰርዛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫ 5 ሲመጣ ኢተሬተሩን ከዓይን የሚሰውር አጭር የዙር አጻጻፍ ተጨመረ። ፕሮግራመሩ «ለእያንዳንዱ ፌርማታ ይህን አድርግ» ብሎ ይጽፋል፤ ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፓይለሩ ከጀርባ የሚያዘጋጀው ኢተሬተር ነው። አጻጻፉ ምቹ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው፤ የማይታይ ጣት መኖሩ ይረሳልና።

ዝርዝሩን ማንበብ ብቻ ከሆነ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው እየተነበበ ሲቀየር ነው። ረዳቱ ወራጅ የሌለበትን ፌርማታ እየሰረዘ እንዲሄድ ታዟል እንበል፤ ለደምበጫና ለጅጋ ወራጅ የለም። ኮምፒውተር ተራ ቁጥር ከ0 ስለሚጀምር አማኑኤል 0፣ ደምበጫ 1፣ ጅጋ 2፣ ፍኖተ ሰላም 3 ላይ ናቸው። ፕሮግራሙ በኢተሬተር ፈንታ በተራ ቁጥር የሚሄድ ከሆነ 0ን አይቶ ያልፋል፤ 1 ላይ ደምበጫን ይሰርዛል። በዚያች ቅጽበት ከኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይጠጋሉ፤ ጅጋ 1 ይሆናል፤ ፍኖተ ሰላም 2። ቆጣሪው ግን መጠጋቱን አያውቅም። ወደ 2 ይሄድና ፍኖተ ሰላምን ያያል። ጅጋ ሳይታይ ታልፏል። አውቶብሱ ጅጋ ላይ ወራጅ ሳይኖር ይቆማል፤ ፕሮግራሙም አንድም የስሕተት መልእክት አያወጣም። የፓይተን ፎር ዙርም ዝርዝሩን ውስጥ ለውስጥ በተራ ቁጥር ስለሚከተል ልክ እንዲሁ በዝምታ ይዘላል።

ጃቫ ለዚህ ዘበኛ አቁሟል። እንደ አሬይሊስት ያለ ዝርዝር አባል ሲጨመርበት ወይም ሲቀነስበት ከፍ የሚል የለውጥ ቆጣሪ አለው። ኢተሬተሩ ሲፈጠር የቆጣሪውን ቁጥር ይይዛል፤ ኔክስት በተባለ ቁጥር ያመሳክራል። ሁለቱ ከተለያዩ ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነውና ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሴፕሽን የተባለ ስሕተት አውጥቶ ሥራውን ያቆማል። የሲ ሻርፕ ዝርዝርም በተመሳሳይ ምክንያት ያቆማል፤ የስሕተቱ ስም ብቻ ይለያል። የተሳሳተ ውጤት ይዞ ከመቀጠል መቆም ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ነው፤ ተማሪን የሚያስደነግጠው ይህ መልእክት ከፓይተን ዝምታ ይልቅ ወዳጅ ነው።

ዘበኛው ግን ሁልጊዜ አይነቃም። ወራጅ የሌለው ለማንኩሳ ነው እንበል፤ ማንኩሳ ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ 5ኛ ላይ ያለ ፌርማታ ነው። በአጭሩ ዙር ውስጥ ዝርዝሩ ራሱ «ማንኩሳን ሰርዝ» ቢባል የዝርዝሩ ርዝመት ከ6 ወደ 5 ይወርዳል። ኢተሬተሩም እስካሁን ያቀረበው 5 ፌርማታ ነው። ሃዝኔክስት ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ያነጻጽርና እኩል ስለሆኑ «ቀጣይ የለም» ይላል። ኔክስት ስላልተጠራ ማመሳከር የለም፤ ስሕተትም አይወጣም። ቡሬ ሳትታይ ዙሩ ያልቃል። የጃቫ ሰነዶች ራሳቸው ይህ ጥበቃ በተቻለ መጠን እንጂ በዋስትና እንደማይሠራ ይናገራሉ።

መፍትሔው ስረዛውን ጣቱን ለያዘው መስጠት ነው። በዝርዝሩ ፈንታ ኢተሬተሩ ሪሙቭ ሲባል አባሉን ይሰርዛል፤ የራሱን ቦታ ያስተካክላል፤ የያዘውንም ቁጥር ያድሳል። ሁለት ደንብ አለው፦ ከኔክስት በፊት መጥራት አይቻልም፤ ለአንድ ኔክስትም ከአንድ ጊዜ በላይ አይጠራም። ከቡሬ ወደ ኋላ በተራ ቁጥር እየቆጠሩ መሰረዝም ይሠራል፤ የሚጠጉት ቀድሞ የታዩት ብቻ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ደግሞ ሪሙቭ ኢፍ የተባለ ትእዛዝ አመጣ፤ «ወራጅ የሌለውን ሁሉ አውጣ» የሚለውን በአንድ መስመር ይፈጽማል። በፓይተን የተለመደው የሚቀሩትን መርጦ አዲስ ዝርዝር መሥራት ነው።

መጨመር ሲፈለግ ጃቫ ሊስት ኢተሬተር የተባለ ሰፋ ያለ ዓይነት አለው፤ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ይጨምራል፤ ይተካል። ቦታው በአባል ላይ ሳይሆን በሁለት አባላት መካከል ነው። ለ6 ፌርማታ 7 ቦታ አለ ማለት ነው፤ ጣቱ እንደ አውቶብሱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከጅጋ በኋላ አንዲት የገጠር መገንጠያ ብትጨመር ከጣቱ ኋላ ትገባለች፤ የሚቀጥለው ኔክስት የሚያቀርበው ፍኖተ ሰላምን ነው። አዲሱ አባል ከፊት የሚገባ ቢሆን ኖሮ በየፌርማታው አንድ የሚጨምር ፕሮግራም መቼም ቡሬ አይደርስም ነበር። መተካት ግን ርዝመቱን ስለማይነካ አደጋ የለውም። «ደንበጫ» ተብሎ የተጻፈውን «ደምበጫ» ብሎ ማረም ዘበኛውን አይቀሰቅስም።

የዝርዝሩ አሠራር ወጪውን ይለውጠዋል። አሬይሊስት አባላቱን ጎን ለጎን ስለሚደረድር ከ10,000 ስም የመጀመሪያውን መሰረዝ 9,999ኙን ማስጠጋት ነው። ሊንክድ ሊስት ውስጥ እያንዳንዱ አባል የሚያውቀው ጎረቤቶቹን ብቻ ነው፤ ጅጋን ለማውጣት ደምበጫና ፍኖተ ሰላም እንዲተዋወቁ ማድረግ ይበቃል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ጣቱ ቀድሞ እዚያ ካለ ነው፤ በተራ ቁጥር ለመድረስ ከጫፍ ተነሥቶ መሄድ ግድ ነው።

ኢተሬተር ከጀርባው ያለው ዝርዝር ባይሆንም ተጠቃሚውን አያስቸግርም። ቡሬ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በቲሊሊና በኮሶበር ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ። እንዲህ ቅርንጫፍ ያለው ነገር በኮምፒውተር ዛፍ ይባላል። የዛፍ ኢተሬተር የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀድም ራሱ ወስኖ፣ ያላየውን አስታውሶ ተመልሶ ያቀርባል፤ ለሚጠራው ፕሮግራም ያው ሃዝኔክስትና ኔክስት ናቸው።

የሚቀረው ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ የሚነካው ዝርዝር ነው። ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ያሉ ሁለት የትኬት መስኮቶች አንድን የተሳፋሪ ዝርዝር ቢጋሩ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሊጨምር ይችላል። እዚህ ላይ የተለመደው የለውጥ ቆጣሪ ለጥበቃ አይታመንም። አንዱ መንገድ ሌላው እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ ቁልፍ ነው። ሌላው በጃቫ 5 የመጣው ኮፒ ኦን ራይት አሬይሊስት ነው፤ ለውጥ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ በአዲስ ቅጂ ይተካል፤ ንባብ የጀመረው ኢተሬተር አሮጌውን ቅጂ ይዞ ይጨርሳል፤ በዚያ ኢተሬተር በኩል ግን መሰረዝ አይፈቀድም። ንባብ በዝቶ ለውጥ ሲያንስ ይህ ያዋጣል፤ በየደቂቃው ትኬት ለሚቆረጥበት መስኮት ግን የመገልበጡ ወጪ ይከብዳል።