የጣውላ ወለል ለምን ይጮኻል?

አሰቦት ላይ ቤታችሁን ጣውላ ያነጠፋችሁ፣ ወለሉ «ሲጥ ሲጥ» ስላለ በስብሷል ብላችሁ አትደንግጡ። እዚህ ሙቀቱ ከጭሮ ይበረታል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተመታ ጣውላ ይኮማተራል። ያኔ ምስማሩ ይላላል፤ በተረገጠ ቁጥር ጣውላው ከሥሩ ከተሸከመው ሞራሌ ጋር ይፋተጋል። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ያንኑ ምስማር ደግሞ መምታት ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል እንጂ አይዘልቅም፤ ቀዳዳው አንዴ ሰፍቷል። አንድ ሰው ይርገጥ፣ ሌላው የሚጮኸውን ቦታ በጠመኔ ያመልክት። ከዚያ በስታችሁ ጣውላውን ከሞራሌው ጋር በቪቴ አጥብቁት። እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ጣውላዎች ከሆኑ ስንጥቁ ውስጥ የሕፃናት ፓውደር መነስነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ወለሉ ሲረገጥ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ምስጥ ሞራሌውን በልቶት ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ ጣውላውን አንስታችሁ ሳታዩ ልጆች እዚያ ላይ እንዲሮጡ አትፍቀዱ።