ጉልቻው ሲስተካከል፦ ለከዋክብት ፎቶ ጀማሪዎች ባለሞተር የቴሌስኮፕ መቆሚያ አመራረጥ

ጥር መጨረሻ ነው፤ የትምህርት ቤቶች የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ሊማሊሞ አፋፍ አካባቢ አራት ሆነን ቆመናል፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ12 ዓመቷ ልጃችንና አብረውን የመጡት አዛውንት ስካውት። ከፊታችን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ቆላው ጨለማ ነው። ሰማዩ ግን አዲስ አበባ ላይ አይተነው የማናውቀው ዓይነት ነበር።

ቴሌስኮፑ ለልጃችን ቃል የተገባላት ስጦታ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በሻንጣ ያመጣልን ሲሆን ዋጋው የብዙ ወራት ቁጠባችንን በልቷል። ከሥሩ ያለው መቆሚያ ሞተር አለው፤ ሞተሩም ከዋክብትን እየተከተለ ቀስ ብሎ ይዞራል ተብሎ ተነግሮናል። ካሜራውን ገጠምን፣ ለአንድ ደቂቃ ከፍተን አነሳን። ፎቶው ላይ ግን ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሁሉም ጭረት ሆነዋል።

«አባዬ፣ ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለች ልጄ።

ሞተሩ ደህና ነበር። ችግሩ የተገኘው በባትሪ መብራት መቆሚያውን ስንመረምር ነው። ጎኑ ላይ ያለው የዲግሪ ልኬት ከ20 በታች አይወርድም። እኛ ያለንበት ቦታ ደግሞ 13 ዲግሪ ላይ ነው። መቆሚያው ለአውሮፓ ሰማይ የተሠራ ነበር፤ እኛም ስንገዛ ይህን አልጠየቅንም።

ሰማዩ ለምን ያመልጣል?

ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመዞር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይፈጅባታል። ስለዚህ ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ገደማ የሚጓዙ ይመስላሉ። የሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ሰማዩ በየ2 ደቂቃው የአንዲት ጨረቃ ስፋት ያህል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ዓይናችን አይታወቀውም፤ ካሜራ ግን ይመዘግበዋል።

ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ። 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ያካፍሉ፤ ውጤቱ ከዋክብት ጭረት ከመሆናቸው በፊት ያለዎት ሰከንድ ነው። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 20 ሰከንድ ያህል ያገኛሉ። በ200 ሚሊሜትር ግን 2 ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው። ደብዛዛ የሆኑ የሰማይ አካላትን ለማንሳት ግን ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ባለሞተር መቆሚያ፣ በሙያው አጠራር ማውንት፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጃንጥላ ዘርግተው ከውስጥ በኩል ከዋክብት የተሳሉበት ነው ብለው ያስቡ። እጀታውን ሲያዞሩት ሥዕሎቹ ሁሉ በእጀታው ዙሪያ ይዞራሉ። የሰማዩ እጀታ ወደ ሰሜን ዋልታ ያመለክታል፤ የሰሜን ኮከብ የሚታየውም በዚያው ጫፍ አጠገብ ነው። ኢኳቶሪያል የሚባለው መቆሚያ ዘንጉን ከዚህ እጀታ ጋር ትይዩ አድርጎ በአንድ ሞተር ብቻ ይዞራል። ሌላው ዓይነት አልታዚሙዝ ይባላል፤ ወደ ላይና ወደ ጎን በሁለት ሞተር ይከተላል። ለማየት ምቹ ነው፤ ኮከቡንም አይስትም። ነገር ግን ቆይታው ሲረዝም ምስሉ ራሱ ቀስ በቀስ ስለሚሽከረከር የፎቶው ዳርና ዳር ይበላሻል። ረጅም ቆይታ ያለው ፎቶ ካሰቡ ምርጫዎ ኢኳቶሪያል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ እስከ ስንት ዲግሪ ይወርዳል?

የእጀታው ዝንባሌ የሚወሰነው በቆሙበት ቦታ ኬክሮስ ነው። ለንደን ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 51 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ደባርቅና ዳባት ላይ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ጭብጥዎን አድማስ ላይ ቢያስቀምጡ፣ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ከፍ ብሎ ማለት ነው። ጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል፣ ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል፣ አዲስ አበባ 9፣ ሐዋሳ 7 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ኮከቡ ከእንጦጦ ጀርባ ሊሸሸግ የሚችለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሻጩን ወይም ዕቃውን የሚልክልዎትን ዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የኬክሮስ ማስተካከያው ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብለው ይሁን። መልሱ ከ0 ወይም ከ5 ዲግሪ የሚጀምር ከሆነ ለመላው ኢትዮጵያ ማለት ይቻላል ይሠራል። ከ20 ወይም ከ25 የሚጀምር ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት።

ዝቅ ያለ ኬክሮስ አንድ ሌላ ጣጣ አለው። በትላልቆቹ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎች ላይ ሚዛን የሚጠብቀው የብረት ዘንግ በእኛ አገር ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ይወርድና የትራይፖዱን የሰሜን እግር ሊነካ ይችላል። መፍትሔው ትራይፖዱን አዙሮ ዘንጉ በሁለት እግሮች መካከል እንዲያልፍ ማድረግ ወይም ከላይ ማራዘሚያ ምሰሶ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ያህል ይሸከማል?

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የክብደት መጠን መቆሚያው ሳይወድቅ የሚሸከመውን ያመለክታል። ፎቶ ሲነሳ ግን ትንሽ መንቀጥቀጥ ሁሉን ያበላሻል። ልምድ ያላቸው አንሺዎች ከተጻፈው ቁጥር ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ብቻ ይጭናሉ። 5 ኪሎ የሚል ከሆነ ካሜራውና ሌንሱ ከ3 ኪሎ ባይበልጡ ይመረጣል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን በሙሉ ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ያወጣና መቆሚያውን ይረሳል። ለፎቶ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጥሩ መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ተራ ሌንስ፣ በደካማ መቆሚያ ላይ ከተቀመጠ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል።

ለጀማሪ ሦስት አማራጮች

ካሜራ ያለው ቤተሰብ ቢጀምር የሚሻለው ስታር ትራከር በሚባሉት ትናንሽ መቆሚያዎች ነው። የስካይ-ዎቸር «ስታር አድቬንቸረር 2አይ» እና የአይኦፕትሮን «ስካይጋይደር ፕሮ» ይጠቀሳሉ። ሁለቱም የሚሸከሙት እስከ 5 ኪሎ ነው፤ በእጅ ሻንጣም ይገባሉ። የመጀመሪያው በ4 ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሁለተኛው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ውስጡ አለው። ዋጋቸው ውጭ አገር ከ400 እስከ 600 ዶላር አካባቢ ነው። ጉድለታቸው የሚያነሱትን ነገር ራስዎ ፈልገው ማግኘት ያለብዎት መሆኑ ነው። ከልጆች ጋር ግን ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ካሜራ ለሌለው ቤተሰብ ሁሉን በአንድ የያዙ ዘመናዊ ቴሌስኮፖች አሉ። በሰፊው የታወቀው «ሲስታር ኤስ50» ነው። ካሜራውም፣ ሞተሩም፣ ባትሪውም አንድ ላይ ሲሆኑ በስልክ ይታዘዛል፤ ዋጋው 500 ዶላር አካባቢ ነው። በመሠረቱ አልታዚሙዝ ነው፤ ስለዚህ አጫጭር ፎቶዎችን ደጋግሞ አንስቶ ይደራርባቸዋል። ስልኩ ላይ ምስሉ ደቂቃ በደቂቃ እየጠራ ሲመጣ ልጆች ይደሰታሉ። ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው ማሽኑ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ከ10 ኪሎ በላይ የሚሸከሙ ትላልቅ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎች ናቸው። ለምሳሌ «ኤችኢኪው5» ራሱ ብቻውን 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የሚዛን ብረቱና ትራይፖዱ ሲጨመሩ ደግሞ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዋጋውም ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። በቋሚ ቦታ፣ ለምሳሌ በራስ ግቢ ውስጥ ለሚያነሳ ሰው ይሆናል። መኪና ላይ ጭኖ ደባርቅ ድረስ ለሚሄድ ጀማሪ ግን አይመከርም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ዕቃዎች የብር ዋጋ ከፍ ብሏል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ሌላ መግዛት የሚቻል አይደለም። ዕቃው በዘመድ እጅ የሚመጣ ከሆነም ደረሰኙ አብሮ ይምጣ፤ በጉምሩክም ሆነ በመንገድ ፍተሻ ላይ ምንነቱን ለማስረዳት ይጠቅማል።

መቼና ከየት?

የኢትዮጵያ ሰማይ በአንድ ነገር ታድሏል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ከዋክብት እናያለን። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሰባቱ ከዋክብትና ኦሪዮን ከፍ ብለው የሚታዩበት ጊዜ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የደቡብ መስቀል በደቡብ አድማስ ላይ ይቆማል። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ መሃል በምሽት ከፍ የሚለው በክረምት ስለሆነ ዝናቡ ይጋርደዋል። ያም ሆኖ በሚያዝያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ወይም በጥቅምት ገና እንደመሸ ይገኛል። ሁልጊዜም ጨረቃ የማትኖርባቸውን ሌሊቶች ይምረጡ።

ሊማሊሞና ሳንቃበር ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ከፍታቸው ብቻ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ገደል በሰሜን በኩል ወደ ቆላው ስለሚወርድ ዝቅ ብሎ የሚታየው የሰሜን ኮከብ አይጋረድም፤ መቆሚያውን ለማስተካከል የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ወደ ዛሪማ ከወረዱ ሌሊቱ ይሞቃል፤ ነገር ግን ተራራው ከደቡብ በኩል ስለሚሆን ዝቅ ያሉትን የደቡብ ከዋክብት ሊሸፍንብዎ ይችላል።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል። መለዋወጫውን ጋቢ ውስጥ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙ። ነፋስ ካለ የትራይፖዱን እግር አያስረዝሙት፤ ከመሃሉም ድንጋይ የያዘ ቦርሳ ያንጠልጥሉ። ወደ ፓርኩ ለመግባት ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦና ስካውት ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ከቤት ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ያረጋግጡ። ሁኔታው አመቺ ካልሆነ ሰማዩ የትም አይሄድም። መቆሚያውን ማቆምና የሰሜን ኮከብን መፈለግ በግቢዎ ወይም በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይም መለማመድ ይቻላል።

ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች

በዚያ ሌሊት ወደነበርንበት ልመለስ። ለስካውቱ መቆሚያው አንገቱን ወደ ዛሪማ በኩል ትንሽ መድፋት እንዳለበትና እንደማይችል አስረዳኋቸው። የትራይፖዱን ሦስት እግሮች ዞረው አዩና ሳቁ።

«ይኼማ ጉልቻ ነው፤ ምጣድ ሲያዘነብል ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ።

ከገደሉ ራቅ ወዳለ ሜዳ ወሰዱን። አንዱን እግር ወደ ሰሜን አዞርን፤ ከኋላ ባሉት ሁለት እግሮች ሥር 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አስገቡ። ትራይፖዱ 7 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን አዘነበለ፤ የጎደለንም እሱው ነበር። እንዳይወድቅ ባለቤቴ ያዘችው። ልጄ በመቆሚያው ማነጣጠሪያ አጮልቃ «አገኘሁት!» ስትል የሰሜን ኮከብ መሃል ገብቶ ነበር። ይህ የችግር ጊዜ መላ እንጂ የሚመከር አሠራር አይደለም፤ ያዘነበለ ትራይፖድ በቀላሉ ይወድቃል።

ካሜራውን ወደ ኦሪዮን አዞርንና እንደገና ለአንድ ደቂቃ ከፈትን። ከዋክብቱ ነጥብ ሆኑ። ከኦሪዮን መቀነት ሥር በዓይን እንደ ጉም ብቻ የሚታየው ነገር ሐምራዊ ክንፍ አውጥቶ ታየ። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ስካውቱ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ሁሉ ዘመን ከላዬ ነበር» አሉና ካሜራውን ለልጄ መለሱላት።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ለከዋክብት ፎቶ ግን ቀድሞ የሚስተካከለው ጉልቻው ነው። ያ ፎቶ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ልጄም አሁን ለጓደኞቿ ስለ ቴሌስኮፕ ስትመክር የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ «እስከ ስንት ዲግሪ ይወርዳል?»