ከጋራ ጓሮ የበቀለ የመሥራት ተስፋ

በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነበር። መድኃኒቱ በርካታ ወገኖችን ከአልጋ ቢያነሣም፣ ከተነሡ በኋላ ምን ሠርተው እንደሚያድሩ ግን መልስ አልነበረውም። በሕመሙ ዘመን ሥራቸውን ያጡ፣ የትዳር ጓደኛቸውን የቀበሩ፣ በመገለል ምክንያት ከጎረቤት የራቁ እናቶች ጤናቸው ከተመለሰ በኋላም እጃቸውን አጣጥፈው የሚውሉበት ጊዜ ረጅም ነበር። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ መውሰድም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የከተማ ጓሮ አትክልት ልማት ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ፣ በአዳማና በሐዋሳ የተካሄደው ፕሮግራም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሴቶችንና በበሽታው ጉዳት የደረሰባቸውን ሕፃናት ያቀፈ ነበር። ከማሳዎቹ መካከል በትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የተዘጋጁ ይገኙባቸዋል።

የእንዲህ ያለው ሥራ ውጤት በኪሎ ብቻ ሲለካ ግማሹ ሳይቆጠር ይቀራል። አንዱ ምክንያት በተክሎቹ ጠባይ ላይ ይገኛል። ካሮት ሦስት ወር ገደማ ተጠብቆ አንድ ጊዜ ይነቀላል። ቆስጣና ጎመን ግን የዳር ቅጠላቸው እየተቀጠፈ ለወራት ያገለግላሉ። ቆስጣ የተከለች እናት በየሳምንቱ የምትቀጥፈው፣ ለልጆቿ የምትቀቅለው፣ ሲተርፍም ለጉልት የምታወጣው አላት። በበጋ ለጥቂት ቀናት ውኃ ሳታጠጣ ብትቀር ተክሉ ይጠወልጋል፤ ስለዚህም ጧት የሚጠብቃት ነገር አለ። ለዓመታት ተረጂ ሆኖ ለቆየ ሰው የሚጠብቀው ነገር ማግኘቱ ቀላል አይደለም።

የአሠራሩም ድርሻ አለበት። የጋራ ጓሮ የሚቀናው አጥሩ፣ ውኃውና የኮምፖስት ጉድጓዱ የጋራ ሆኖ መደቡ ለየሰው ሲከፈል ነው። ሁሉም አንድ ላይ በሚቆፍረው መደብ ማን ሠራ፣ ማን ቀረ የሚለው ጭቅጭቅ አይጠፋም። የራሷ መደብ ያላት ሴት ግን ጥፋቱም ፍሬውም የእርሷ በመሆኑ ችግኝ ማራራቅን፣ ዐመድ መነስነስን፣ ዘር ማስቀረትን በገዛ ፈቃዷ መሞከር ትጀምራለች። የሥራ ፍቅር የሚመጣው በዚህ በኩል ነው፤ በሥልጠና አዳራሽ ሲሰበክ ብዙም አልታየም። ከእርሷ እጅ ቆስጣ የገዛ ጎረቤትም ስለ ቫይረሱ መተላለፊያ መንገድ የሰማውን ትምህርት በተግባር ተቀብሏል ማለት ይቻላል።

ጉልበቱ ገና ላልተመለሰ ሰው ውኃ መሸከም ከባድ ነው። አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከተሰቀለ ባልዲ በቀጭን ቱቦ ወደ ተክሉ ሥር የሚንጠባጠበው መስኖ ሞተር አይጠይቅም፤ ውኃም ይቆጥባል። በአዲስ አበባ የአቃቂን ወንዝ መጥለፍ ግን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ስለሚገባበት ለተመጋቢው አደጋ አለው።

ከሁሉ የሚከብደው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ኮምፖስት ለመብሰል ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ የደከመ አፈር እስኪያገግም ደግሞ ዓመታት ያልፋሉ። ኃላፊ ሲቀየር ወይም ቦታው ለግንባታ ሲፈለግ መደቧን ልትለቅ እንደምትችል የምታውቅ ሴት ለአፈሩ አትደክምም፤ ቶሎ የሚደርሰውን ዘርታ ትቀጥፋለች እንጂ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በየግቢው የሚመረት ምግብን እንደገና የጽሕፈት ቤቶች አጀንዳ አድርጎታል። ክፍት ቦታ ለተደራጁ ነዋሪዎች የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት የአገልግሎቱን ዘመን፣ የውኃውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍልና ቦታው ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ስንት ወር አስቀድሞ እንደሚያስታውቅ በደብዳቤው ላይ ቢያሰፍር ጽሑፉ አንድ ገጽ አይሞላም። ባለ መደቧ ግን ዘንድሮ ጌሾ ትትከል ወይስ ሰላጣ ብቻ ትዝራ የምትወስነው ያንን ገጽ አይታ ነው።