ቀለሙን ሳይሆን ወለሉን እዩ

ሰሞኑን አንድ የቻናላችን ቤተሰብ ቦሌ ለሽያጭ የቀረበ መኪና ፎቶ ልኮ «ልግዛው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. የ1965 ፎርድ ሙስታንግ ነው። ጣሪያው ሸራ፣ ቀለሙ ቀይ፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ፤ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ይላል ማስታወቂያው። መልሱ ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም እዚሁ ልጻፈው።

ሙስታንግ ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ የታየው ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሚሊዮን ተመረተ። የሚገርመው፣ እኛም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የጀመርነው። ስለዚህ የአሜሪካኑ መሪ ለመንገዳችን ልክ ነው፤ ተቀይሮ ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ።

መጨነቅ ያለባችሁ ስለ ወለሉ ነው። ሌላ መኪና ላይ ጣሪያው ራሱ አካሉን አጥብቆ ይይዛል። ክፍት መኪና ያ ስለሌለው ፎርድ ከበሮቹ በታች ያለውን ብረት አወፍሮ፣ ከፊት ወንበሮቹ ሥርም ተጨማሪ ብረት በይዶ ነው የሠራው። ያ ብረት በዝገት ከተበላ መኪናው መሐሉ ላይ ይጎብጣል። በስቱኮና በቀለም ግን ሁሉም ይሸፈናል። ስለዚህ መኪናውን በጎን በኩል በክሪክ አንሡና በሮቹን ክፈቱ፣ ዝጉ። በሩ ከያዘ፣ ወይም በበሩና በኋላው አካል መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ የተነገራችሁን እድሳት አትመኑ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍታችሁ በሾፌሩ በኩል ካለው የውስጥ ላሜራ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። የመጀመሪያው አሃዝ 5 ከሆነ የ1965 ሞዴል ነው። ቀጥሎ የፋብሪካው ፊደል ይመጣል፤ ከፊደሉ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች 08 ከሆኑ ከፋብሪካ ክፍት ሆኖ ወጥቷል። 07 ከሆኑ ግን ባለ ጣሪያ ነበር፤ አንዱ ጋራዥ ቆርጦታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሆን አልገዛም፤ ያ የወለል ማጠናከሪያ የለውምና። የጎማውን ብሎኖችም ቁጠሩ። ከፋብሪካ ስምንት ሲሊንደር ሆኖ የወጣ አምስት ብሎን አለው፤ አራት ከሆነ በስድስት ሲሊንደር የተሠራ ነው።

ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱ። ሾፌሩ እግር ሥር ጠብ ካለ ውስጡ ዝጓል። የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው፤ ቅጠልና አፈር እዚያ ተጠራቅሞ ውሃ ይይዛል። የአዲስ አበባን ክረምት እያወቃችሁ ይህን ሳታዩ እንዳትዋዋሉ።

ሞተሩ ላይ ብዙ አልቆይም። 4.7 ሊትሩ ስምንት ሲሊንደር በካርቡራተር የሚሠራ ስለሆነ በከተማችን ከፍታ ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስትሞክሩት ከጠበቃችሁት ቢያንስ አትደንግጡ። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የቦሌ መጨናነቅ ውስጥ አቁማችሁ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። ቴስታታው ሲከፈት የቫልቭ መቀመጫዎቹ በጠንካራ ብረት ተቀይረው እንደሆነ ጠይቁ፤ የድሮው ሞተር የተሠራው እርሳስ ላለው ቤንዚን ነበር፣ ዛሬ ያ ቤንዚን የለም። ከሁሉም በላይ ፍሬኑ! እስከ 1966 ሞዴል ድረስ አራቱም ጎማ በአንድ የዘይት መስመር ነው የሚይዘው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ይሄዳል። ባለ ሁለት መስመር ሳይገጠምለት ቤተሰብ አትጫኑበት።

ወረቀቱስ? በ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ዛሬ እዚህ ያለውን የሚተካ ሌላ በቀላሉ አይመጣም። ዋጋው የሚሰቀለውም፣ ማጭበርበሩም የሚበዛው በዚሁ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውና ላሜራው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆኑን፣ ቀረጡ መከፈሉን ሳታረጋግጡ ለደላላ ቀብድ አትስጡ። የእድሳቱን ፎቶም ጠይቁ፤ በትክክል ያደሰ ሰው ወለሉ ተገልጦ፣ ዝገቱ ተቆርጦ፣ አዲሱ ላሜራ ሲበየድ የተነሣ ፎቶ አያጣም።

ለጠየቀኝ ወንድሜም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ከሥሩ ገብተህ በባትሪ ሳታይ አትግዛ። ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ የአባታችሁ አሮጌ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት። ሊብሬውን ፈልጋችሁ አስቀምጡ፤ ከዝናብ አውጡት፤ ሻንሲ ቁጥሩን ላኩልኝና ምን እንደሆነ አብረን እናያለን።