«ማዛመድ» ወይስ «ማመሳከር»? ስለ ደም ተስማሚነት ፍተሻ ስያሜዎች

ለታካሚ ደም ከመሰጠቱ በፊት የለጋሹ ደም ለተቀባዩ መስማማቱ የሚረጋገጥበትን ሥራ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች «ክሮስማች» ይሉታል። የአማርኛ አቻ ለሚሻ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚመጡለት ቃላት «ማዛመድ» እና «ማጣጣም» ናቸው። ሁለቱም የማይበቁበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድሞ ነገሩን እንመልከት። ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን እ.ኤ.አ. በ1901 ለይቶ ካሳወቀ በኋላ፣ ሩበን ኦተንበርግ በ1907 በኒውዮርክ የለጋሽንና የተቀባይን ደም አስቀድሞ መፈተሽ ጀመረ። በዚህ ዘዴ የተቀባዩ የደም ውሃ ከለጋሹ ቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ይቀላቀላል፤ ሕዋሳቱ ከተጓጎሉ ወይም ከፈረሱ ደሙ አይሰጥም።

በኮምፒዩተር የሚካሄደው አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። በዚህኛው የሁለቱ ሰዎች ደም ጨርሶ አይቀላቀልም። የተቀባዩ የደም ዓይነት ሁለት ጊዜ ተመርምሮ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለበት፤ በደሙ ውስጥ በተለምዶ አንቲቦዲ የሚባለው ጎጂ ፀረ እንግዳ አካል አሁንም ሆነ ቀደም ሲል ያልተገኘበት መሆን ይኖርበታል፤ በከረጢቱ ያለው የለጋሽ ደም ዓይነትም በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉ ሲሟላ ኮምፒዩተሩ መዝገብን ከመዝገብ ያስተያያል፤ የማይስማማ ሆኖ ሲያገኘው ከረጢቱ እንዳይወጣ ያግዳል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ማዛመድ» በአማርኛ ከ«ዝምድና» አይላቀቅም፤ «የደም ዝምድና» ደግሞ የሥጋ ቤተሰብነት ነው። በሐይቅ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ደም አስፈለጋት እንበል። ልጇ «ደሟ ደሜ ነው» ብሎ ክንዱን ይዘረጋል። የእናቲቱ ደም ኦ፣ የልጁ ኤ ሊሆን ግን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የወለደችው ልጅ ደም ሊገድላት ይችላል። ደማቸው «አልተዛመደም» የሚል ወረቀት ለዚህ ቤተሰብ ቢደርስ የሚያስከትለውን ጥርጣሬ መገመት አያዳግትም። ቃሉ አንድም ልጁን በከንቱ ተስፋ ይሞላዋል፤ አንድም ልጅነቱን ያጠራጥራል።

«ማጣጣም» ማስማማት የሚል ፍቺ ቢኖረውም፣ ጣዕምን እያዳመጡ መብላትና መጠጣትም ነው። «ደም ማጣጣም» የሚለው ሐረግ በአንባቢ ዘንድ ምን ስሜት እንደሚያሳድር ሐተታ አያሻውም።

ስለዚህ ለአጠቃላዩ ሥራ «የደም ተስማሚነት ፍተሻ»፣ ደም ለሚቀላቀልበት ዘዴ «የቅልቅል ፍተሻ»፣ ለኮምፒዩተሩ ዘዴ ደግሞ «የደም መዝገብ ማመሳከር» እንዲባል እናቀርባለን። «አመሳከረ» ከ«መሰከረ» የወጣ ሲሆን ጽሑፍን ከጽሑፍ፣ ቃልን ከቃል ማስተያየትን ያመለክታል። ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብራና ወንጌል ያበረከቱለት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንታዊ የመጻሕፍት ማዕከል ነው። በብራና ጽሕፈት ሥራ አዲሱን ቅጂ ከዋናው ጋር የሚያስተያይ ሰው ያመሳክራል እንጂ አዲስ ቃል አይፈጥርም። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው።

የሁለቱ ዘዴዎች ስም መለየቱ ለውበት ብቻ የታሰበ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ቃል ቢጠሩ፣ የተተረጎመውን መመሪያ የሚያነብ ባለሙያ ደሙ ተቀላቅሎ የተፈተሸ ሊመስለው ይችላል። «ማመሳከር» ግን የዘዴውን ወሰን ራሱ ይናገራል፤ ምስክር የሚናገረው የተጻፈለትን ብቻ ነውና። በብልቃጡ ላይ የሌላ ሰው ስም ከተለጠፈ ኮምፒዩተሩ ደሙን አይቶ ስሕተቱን ሊያውቅ አይችልም። የደሙ ዓይነት ሁለት ጊዜ እንዲመረመር የሚደረገውም አንዱ ውጤት ሌላውን እንዲያጋልጥ ነው፤ በባህላችንም አንድ ምስክር ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ተርጓሚዎች ስያሜዎቹን በሥራ ላይ አውለው እንዲመዝኗቸው እንጠይቃለን።