ሁለት ሰዎች ያቆዩት ድምፅ

በካፋ ደን ዝናብ ሲጥል ያዳመጠ ሰው ዜማ ሁሉ ለጭፈራ እንዳልሆነ ይረዳል። በገናችንም ምስክር ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ ድምፁን እያንዘረዘረች ልብን ታሳርፋለች።

ይህን የመሰለውን የረጋ ድምፅ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ብራያን ኢኖና ሮበርት ፍሪፕ፣ በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ቀርጸው በ1973 ባወጡት ሸክላ ላይ ያሉት ዜማዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ፍሪፕ ጊታሩን ሲጫወት ኢኖ በአንደኛው ቴፕ ይቀዳዋል፤ ጥብጣቡ ወደ ሁለተኛው ቴፕ አልፎ ያንኑ ድምፅ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ያሰማል፤ የተሰማውም ተመልሶ በአዲሱ ላይ ይደረባል። ተጫዋቹ ያለ ቀጂው፣ ቀጂውም ያለ ተጫዋቹ ይህን ሥራ ባልፈጸሙት ነበር።

ነገሩን ለቦንጋ ወጣቶች ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የደኑ ድምፅና የሽማግሌዎቹ ዜማ ግን ቀጂ ካላገኙ፣ የሚያልፈው ሰው ይዟቸው ያልፋል። መቅጃው ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ አንዱ ይጫወት፤ ሌላው ይቅዳ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሁለቱም ይደማመጡ እንላለን።