ባሕር ያልተሻገረ ዝና

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየም ሰባ ሺህ ያህል ሕዝብ ተሰብስቧል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተራበው ወገናችን ገንዘብ ለማሰባሰብ የተሰናዳው «ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት ሊጀመር ነው። ልክ በቀትር መድረኩን የከፈተው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ክዊን ወይም ዴቪድ ቦዊ አልነበረም። በኤሌክትሪክ ጊታር ምቱ የሚታወቀው ስታተስ ኮ ነበር። ይህ ባንድ በብሪታኒያ ከስልሳ በላይ ዜማዎቹ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብተውለታል። በአሜሪካ ግን ጎልቶ የተሰማለት አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱም በ1968 12ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ቆመ። (ይህም ሆነ ከዚህ ወዲህ የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራቸው ልጅ አዋቂው ዜማቸውን በቃሉ የሚያውቅላቸው፣ ባሕር ማዶ ሲሻገሩ ግን «እነማን ናቸው?» የሚባሉ የብሪታኒያ አንጋፋ ባንዶች ብዙ ናቸው። ይህ ሲነሳ ብዙ ሰው የችሎታ ማነስ ይመስለዋል። ታሪካቸውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአገራቸው ያስወደዳቸው ቅርበት ድንበር ላይ ሲደርስ ሸክም ሆነባቸው፤ በሩ በተከፈተ ሰዓት ደግሞ አንዳንዶቹ በደጃፉ አልነበሩም።

አንድ ሬዲዮ እና ሺህ ሬዲዮ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብሪታኒያ ውስጥ ታዋቂ ለመሆን መንገዱ አጭር ነበር። ቢቢሲ በ1964 «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተባለውን ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ በ1967 ደግሞ ሬዲዮ 1ን ጀመረ። በእነዚህ ሁለት መስኮቶች የታየ ባንድ በአንድ ሳምንት አገር ያውቀዋል። አሜሪካ ግን በየከተማው የራሱ ጣቢያ፣ ለየጣቢያውም የራሱ የሙዚቃ ዓይነትና አድማጭ ያለው ሰፊ አገር ነው። እዚያ ለመታወቅ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ዓመታት መጫወት ያስፈልጋል።

ይህን እንደ ስሌድ የቀመሰ የለም። ከዎልቨርሃምፕተን አካባቢ የተነሳው ይህ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብሪታኒያ ስድስት ጊዜ የአንደኝነትን ደረጃ ይዟል፤ በ1973 ብቻ ሦስት ዜማዎቹ በወጡበት ሳምንት በቀጥታ አንደኛ ሆነዋል። የዜማዎቻቸውን ርእስ ሆን ብለው ከፊደል ሥርዓት ውጭ፣ እንደ ሰፈራቸው አነጋገር ይጽፉት ነበር። በ1975 ጓዛቸውን ጠቅልለው አሜሪካ ገቡ። ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ ሬዲዮው ግን አልተቀበላቸውም። ሲመለሱም በአገራቸው የሙዚቃው ስልት ተቀይሮ ጠበቃቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኳየት ራዮት የተባለ የአሜሪካ ባንድ ከስሌድ የ1973 ዜማዎች አንዱን እንደገና ተጫውቶ በ1983 አሜሪካ ውስጥ 5ኛ ደረጃ ላይ አደረሰው። ያ ዜማ ስሌድን አስታወሰና በቀጣዩ ዓመት የራሳቸው አዲስ ሥራ 20ኛ ሆነ። በሩ ገርበብ ባለበት በዚያ ወቅት ግን ከአባላቱ አንዱ በጠና ታሞ የአሜሪካው የኮንሰርት ጉዞ ተቋረጠ።

ቀድሞ የደረሰ ሌላ ሰው

ሻዶውስ የተባለው ባንድ ታሪክም ከዚህ ይቀራረባል። «አፓቼ» የተባለው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራቸው በ1960 በብሪታኒያ አንደኛ ወጣ። አሜሪካኖች ግን ያንኑ ዜማ የሰሙት ከዴንማርካዊው ጊታሪስት ከዮርገን ኢንግማን ነው፤ በ1961 ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወሰደው። ዜማው ባሕር ተሻገረ፣ ባለቤቶቹ ቀሩ። ሻዶውስ አብረውት ይሠሩ የነበሩት ክሊፍ ሪቻርድ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በአምስት ተከታታይ አሥርት ዓመታት በብሪታኒያ አንደኛ የወጡ ዜማዎች ያሉት ዘፋኝ ነው። በአሜሪካ እስከ አሥረኛ ባሉት ደረጃዎች ለመግባት ግን እስከ 1976 መጠበቅ ነበረበት።

የአሳታሚው ፍላጎትም ወሳኝ ነው። ቢትልስን እንኳ ካፒቶል የተባለው የራሳቸው አሳታሚ የአሜሪካ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ላይ አልፈልግም ብሎ፣ ቀዳሚ ዜማዎቻቸው በትንንሽ ኩባንያዎች ነበር የወጡት። ካፒቶል ሐሳቡን ቀይሮ ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ፣ በየካቲት 1964 73 ሚሊዮን ተመልካች በቴሌቪዥን አያቸው። እንዲህ ያለ ድጋፍ ያላገኘ ባንድ ስንት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

የፈቃድ ጉዳይ

ኪንክስ የተባሉት ባንድ በ1964 ጥሩ ጀምረው ነበር፤ የመጀመሪያው ትልቅ ዜማቸው በአሜሪካ 7ኛ ሆኗል። በ1965 ግን የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን የሥራ ፈቃድ ከለከላቸውና እስከ 1969 ድረስ እዚያ መድረክ ላይ መውጣት አልቻሉም። እነዚያ አራት ዓመታት የብሪታኒያ ሙዚቃ አሜሪካን ያጥለቀለቀባቸው ዓመታት ነበሩ። መሪያቸው ሬይ ዴቪስ በዚህ መሐል ብዕሩን ወደ እንግሊዝ መንደር፣ ወደ ሻይ ሰዓቱና ወደ ሣር ሜዳው አዞረ። በ1968 የወጣው የመንደር አልበማቸው ያኔ አልተሸጠም፤ ዛሬ ግን ከምርጥ ሥራዎቻቸው ይቆጠራል። የተዘጋው በር ገበያ አሳጥቶ ጥበብ ሰጣቸው።

ዛሬም መንገዱ አልቀለለም። የአሜሪካ የሙያ ቪዛ ክፍያ በ2024 በእጅጉ ጨምሯል። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ደግሞ ሙዚቀኞቿ በአብዛኛው አውሮፓ ከ180 ቀን ከ90 በላይ መቆየት አይችሉም፤ አንዳንዴም ለመሣሪያቸው የጉምሩክ ወረቀት ይጠየቃሉ።

የሰፈር ቋንቋ

ዘ ጃም የተባለው ባንድ ግጥሞች ስለ እንግሊዝ የመደብ ልዩነት፣ ስለ ባቡር ጣቢያና ስለ ከተማ ዳር ኑሮ ያወራሉ። የኢተን ትምህርት ቤት ስም ሲነሳ እንግሊዛዊው አድማጭ የባለጸጎች ልጆች ወዲያው ይታዩታል፤ የኦሃዮው አድማጭ ግን ስም ብቻ ነው የሚሰማው። ዘ ጃም በብሪታኒያ አራት ጊዜ አንደኛ ሲወጡ የአሜሪካው የዜማ ሰንጠረዥ፣ የቢልቦርድ መቶ ደረጃዎች ውስጥ አንድም ጊዜ አልገቡም። መሪያቸው ፖል ዌለር ባንዱን የበተነው በ1982 ነው። በ1981 የተጀመረው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ የብሪታኒያን ባንዶች ወደ አሜሪካ ሳሎን እያስገባ የነበረው በዚሁ ሰሞን ነበር። ማድነስ በዚያው በር ገብተው በ1983 አሜሪካ ውስጥ 7ኛ ሆነዋል። ቴክ ዛት ደግሞ በ1995 መጨረሻ በአሜሪካ 7ኛ ደረጃ ላይ ደርሰው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በየካቲት 1996 ተበተኑ።

ባሕር ማዶ አንድ አገር አይደለም

«ባሕር ማዶ» ሲባል አሜሪካን ብቻ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የብራድፎርዱ ባንድ ስሞኪ ጀርመን ውስጥ እንደ ቤተኛ ይታያል። ዩራያ ሂፕ በ1987 ሞስኮ ላይ አሥር ምሽት ተጫውቷል። ዞምቢስ ከአገራቸው ይልቅ በአሜሪካ ተደምጠዋል፤ አንዱ ትልቅ ዜማቸው በ1969 እዚያ ሲወደድ ባንዱ ከፈረሰ ቆይቶ ነበር። ዲፔሽ ሞድ ደግሞ በ1988 በካሊፎርኒያው ሮዝ ቦውል ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫውቷል። የብሪታኒያ ሙዚቃ ማዕበልም በአሜሪካ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በሚያዝያ 2002 ከ1963 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢልቦርድ መቶ ደረጃዎች ውስጥ አንድም የብሪታኒያ ሥራ አልነበረም።

ወደ ዌምብሌዩ ቅዳሜ ልመለስ። ስታተስ ኮ ከአንድ ዓመት በፊት የኮንሰርት ጉዞ በቃን ብለው ተሰናብተው ነበር፤ ለላይቭ ኤይድ ብለው ተመለሱ። የመረጡት የመክፈቻ ዜማ የአሜሪካዊው ጆን ፎገርቲ ድርሰት ነው። ለንደን ላይ ቀትር ሲሆን ፊላደልፊያ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር። ሳተላይቱ ዜማውን ወደ ዓለም ሲያሻግረው የአሜሪካ እኩሌታ ተኝቷል። በድርቁ ሳቢያ በቆረም መጠለያ የነበረው ወገናችንም ያን ዜማ የሰማው አይመስለኝም። እኛ ግን ዛሬ መስማት እንችላለን፤ ባንዱን አሜሪካ አወቀችው ወይስ አላወቀችውም ሳንል ስሙን ማወቅ ከእኛ ወገን የሚጠበቅ ይመስለኛል።